ፒያሳ የሚሰጠው የምሽት ጣልያንኛ፦ «ሬዲጄሬ» የተሰጠበት ክፍለ ጊዜ

ማዘጋጃ ቤት አቅራቢያ የሚሰጠው ይህ የከፍተኛ ደረጃ ክፍል ለተርጓሚዎችና ለቢሮ ጸሐፊዎች የታሰበ ነው። በአንድ ምሽት ለሁለት ሰዓት አንድ የሰነድ ግስ ብቻ ይማራሉ፤ አሠራሩ ትክክል ነው።

ሬዲጄሬ ሰነድ ማርቀቅ፣ ማዘጋጀት ነው። አስተማሪዋ የጀመሩት ከአማርኛው ነው፦ ደብዳቤ ይጻፋል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ ውል ይረቀቃል። ለጓደኛ የሚላክ መልእክት «ስክሪቬሬ»፣ መጻፍ፣ ይበቃዋል፤ እዚያ ሬዲጄሬ ማለት ለእናት በተጻፈ ደብዳቤ ላይ ማኅተም እንደ መምታት ነው።

ከዚያ የታደለው የእርባታ ሠንጠረዥ ሳይሆን የኪራይ ውል ነው። ግርጌው ላይ «ሬዳቶ ኢን ዱፕሊቼ ኮፒያ» ይላል፤ እኛ «በሁለት ቅጂ ተዘጋጀ» የምንለው። ሬዳቶ የሬዲጄሬ «የተዘጋጀ» የሚለው ቅርጽ ነው፤ ኮንትራቶ፣ ማለትም ውል፣ ወንዴ ስለሆነ ሬዳቶ ተባለ። ሬላትሲዮኔ፣ ማለትም ሪፖርት፣ ሴቴ ስለሆነች በ«ኤሴሬ»፣ «መሆን» በሚለው ረዳት ግስ፣ ስትነገር ሬዳታ ትሆናለች፤ ክላውዞሌ፣ አንቀጾቹ፣ ሬዳቴ። «አቬሬ»፣ «መኖር (ያለው መሆን)» የሚለው ረዳት ግስ፣ ሲያግዘውና ስሙ ከኋላ ሲመጣ ግን ቅርጹ አይለወጥም፦ «ኦ ሬዳቶ ላ ሬላትሲዮኔ»፣ ሪፖርቱን አዘጋጅቻለሁ። ተማሪው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ክፍሉም ጊዜ ሰጥቶ አርሞታል።

ሌላው ስህተት «ሬዳሬ» የሚባል የሌለ ግስ መፍጠር ነው። ትራቶ ከትራሬ ስለሚመጣ ሬዳቶም ከሬዳሬ የመጣ ይመስላል። ጣልያኖችም ይሳሳቱታል። ይህም በግልጽ ተነግሯል።

ድክመቱ አነባበቡ ላይ ነው። የታደለው ወረቀት ድምፅ የሚጠነክርበትን ቦታ አያሳይም። ሬዲጄሬ ሲባል የሚጠነክረው «ዲ» ነው፤ «አረቅቃለሁ» ለማለት ሬዲጎ ሲባልም ጥንካሬው እዚያው «ዲ» ላይ ይቆያል። «ጎ» የነበረው ግን «ያረቅቃል» ሲባል «ጄ» ይሆናል፦ ሬዲጄ። ሬዳቶ ላይ ደግሞ «ቶ» ይጠብቃል። ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ በፊደል ማስታወሻ የያዘ ሰው አላልቶ ያነበዋል። የበዓሉን ገና ከ«ገና ነው» ለሚለይ ጆሮ ይህ በአንድ ደቂቃ የሚታረም ነበር፤ ማንም አላነሳውም።

ግማሽ ሰዓት የወሰደው ሬዳሲ፣ ሬዲጄስቲ፣ ሬዳሴ የሚለው የሩቅ ኃላፊ ጊዜ ታሪክ ለሚያነብ ይጠቅማል፤ ቢሮ ውስጥ እምብዛም አይፈለግም። ያ ጊዜ ለ«ቪዬኔ ሬዳቶ» መዋል ነበረበት። «ኢል ቬርባሌ ቪዬኔ ሬዳቶ ዳል ሴግሬታሪዮ»፣ ቃለ ጉባኤው በጸሐፊው ይዘጋጃል፣ ሲባል ድርጊቱን ነው የሚናገረው፤ «ኤ ሬዳቶ» ግን ያለቀ ሰነድ ያለበትን ሁኔታ ሊመስል ይችላል። የመተዳደሪያ ደንብ የሚተረጉም ሰው ይህን ልዩነት በየገጹ ያገኘዋል።

በኤሴሬና በአቬሬ መካከል ያለው ልዩነት ያልጠራለት ሰው መካከለኛውን ደረጃ ጨርሶ ቢመዘገብ ይሻላል። የጠራለት ግን ይሂድ፤ የሚተረጉመውን አንድ ገጽ ውል ይዞ ቢሄድ አስተማሪዋ ከክፍል በኋላ ያዩለታል።