የስም ሰሌዳው ፊቱና ጀርባው

ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳር ካለው የዘንባባ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ስም በእንጨት ላይ የሚቀርጽ ሱቅ አለ። ሁለት ሰሌዳ አዘዝኩ፤ አንዱን ለራሴ፣ አንዱን ሥራውን ጨርሶ ወደ አገሩ ለሚመለስ ጋናዊ ባልደረባዬ። ለሁለቱ 1,400 ብር ከፈልኩ። ሐሙስ ያሉትን ሐሙስ አስረከቡኝ፤ የሠርጌን ሱፍ የሰፋው ሰው እንኳን ያላደረገልኝ ነገር ነው።

እንጨቱ በደንብ የደረቀ ዋንዛ ነው። ጠርዙ እጅ አይቧጭርም፣ ፊደሎቹ እኩል ጠልቀዋል፣ ዙሪያውን የደንገል ቅርጽ ከበውበታል። እስከዚህ ድረስ ሙያ ነው።

ጉዱ ከጀርባው ነው። ሱቁ ከእያንዳንዱ ሰሌዳ ጀርባ «የስምዎ ትርጉም» ብሎ አንድ መስመር ይጽፋል። ስሜ ማስረሻ ነው። ገልብጬ ባየው «የማይረሳ፣ ሁልጊዜ የሚታወስ» ይላል! እናቴ ከእኔ በፊት አንድ ልጅ ቀብራለች። ማስረሻ ያለችኝ ያንን ኀዘን እንዳስረሳት ብላ ነው። ምትኩ ወይም ካሳሁን የሚባል ጎረቤት ያለው ሰው ነገሩ ይገባዋል። እንዲህ ያለ ስም የልጁን ጠባይ አይናገርም፤ ወላጅ በዚያ ሰሞን ከአምላኩ ጋር የተነጋገረውን እንጂ። ይህንን ለአስተናጋጇ ብነግራት «ጋሼ፣ ደንበኛ ደስ እንዲለው ብለን እኮ ነው» አለችኝ። እኔ ደስ እንዲለኝ እናቴ ውሸታም ትሁን?

የባልደረባዬ ደግሞ ይብሳል። ስሙ ኮፊ ነው። ቀራጩ ከስሙ ጎን ጀበና ከነሲኒው ቀርጾ፣ ከጀርባው «ቡና» ብሎ ጽፎበታል። (ጀበናው ያምራል፤ መካድ አልችልም።) ኮፊ አይቶ እስኪያነባ ሳቀ። በጋና አካን በሚባለው ሕዝብ ዘንድ ኮፊ አርብ ለተወለደ ወንድ የሚሰጥ ስም ነው። የቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና ጸሐፊ ኮፊ አናንም የተወለዱት አርብ ዕለት፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኤፕሪል 8 ቀን 1938 ነበር። ቅዳሜ ቢወለዱ ክዋሜ ይባሉ ነበር። የእኛ ሰንበቱም የዚያ ዘመድ ነው። የናይጄሪያ ዮሩባዎች ደግሞ አያቱ ከሞተ በኋላ የተወለደን ወንድ ልጅ ባባቱንዴ፣ «አባት ተመለሰ» ይሉታል። ይህቺ እናቴ የምታውቃት ቋንቋ ናት።

በማግስቱ ኮፊን ይዤ ተመለስኩ። ባለሱቁ ሳያንገራግር፣ ሳንቲም ሳይጠይቅ የእኔን ጀርባ ፍቆ አለሰለሰው። «ምን እንጻፍበት?» አለኝ። ምንም፣ አልኩት። እናንተም ስታዝዙ ፊቱን ብቻ አሠሩ፤ ጀርባውን ካስጻፋችሁም ቃሉን ከቤት ይዛችሁ ሂዱ።

ኮፊ ግን ጀበናውን አላስነካም። «ቡና» ከሚለው ሥር «አርብ» ብቻ አስጨምሮ ሰሌዳውን በጋዜጣ ጠቀለለው።