የቱን ፍሌክሲብል ልግዛ? ጎማ፣ ሽቦ የለበሰ ወይስ ሙሉ ብረት

ቤት በውሃ ሲጥለቀለቅ ብዙ ሰው ግድግዳ ውስጥ የተቀበረውን ቧንቧ ይጠረጥራል። ከሲንኩና ከሽንት ቤቱ ታንክ ሥር ያለችውን አጭር ፍሌክሲብል፣ ማለትም ውሃ ከቫልቩ የምታደርሰውን ተጣጣፊ ቱቦ፣ ጎንበስ ብሎ የሚያያት የለም። እሷ ያለችው ከመክፈቻው በፊት ስለሆነ፣ እናንተ ውሃውን ዘግታችሁ ስትተኙም ግፊቱን ተሸክማ ታድራለች። ፈንድታ በደቂቃ 10 ሊትር ብቻ ብታፈስ እንኳ በአንድ ሰዓት 600 ሊትር ወለል ላይ ነው።

ሽቦ ያልለበሰው ባዶ ጎማ ርካሽ ነው፤ እንደልብም ይታጠፋል። ግን ይደርቃል፣ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ የሚገጠመው እሱ ነው፤ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ ቀይሩት። ለሌላ ቦታ ባትገዙት ይሻላል።

ሰው የሚሸወደው ሽቦ በለበሰው ነው። ሱቅ ውስጥ ሁሉም ያብረቀርቃል። ውሃውን የሚይዘው ግን ውስጥ ያለው ጎማ ነው፤ የሽቦው ሥራ ጎማው እንዳያብጥ ጨምቆ መያዝ ነው። ጥቂት ሽቦ ሲበጠስ ጎማው በዚያው ክፍተት እያበጠ ይወጣና አንድ ቀን ይተረተራል። ስለዚህ ሻጩን ሽቦው ስቴንለስ 304 (ዝገት የሚቋቋም ብረት) ነው ወይስ አልሙኒየም፣ ጫፉ ላይ የሚጠብቀው ዳዶስ ብራስ ነው ወይስ ፕላስቲክ ብላችሁ ጠይቁት። አልሙኒየም እርጥበት ባለበት ቦታ ቶሎ ይበላል፤ የፕላስቲክ ዳዶ ደግሞ በመፍቻ ትንሽ ከጠበቀ ይሰነጠቃል።

ስቴንለሱም ቢሆን በረኪና አይወድም። እኔ በረኪና ከሲንክ ሥር ማስቀመጥ የተውኩት፣ ዳዶው አጠገብ ዝጎ የተበጠሰ ሽቦ ጣቴን ከወጋኝ በኋላ ነው። ከላይ ስታዩት አዲስ ይመስል ነበር።

ሙሉ ብረቱ እንደ አኮርዲዮን የተሸበሸበ ስቴንለስ ቱቦ ነው፤ ውስጡ ጎማ የለም። ለውሃ ማሞቂያ እሱን እመርጣለሁ፣ ሙቀት አይጎዳውምና። ችግሩ ደጋግሞ መታጠፍ አይችልም፤ አንዴ ቅርጹን ካስያዛችሁት አትነካኩት። ለሚንቀጠቀጥ ማሽን አይሆንም። ጫፉ ላይ ያለው ጉሚኒ (ውሃ እንዳያፈስ የሚገባው የጎማ ቀለበት) ግን እንደማንኛውም ያረጃል።

ለሲንክና ለሽንት ቤት የእኔ ምርጫ ስቴንለስ ሽቦና የብራስ ዳዶ ያለው ነው። ርዝመቱን ለክታችሁ ግዙ፤ የተወጠረም የተጠመዘዘም ዕድሜው አጭር ነው። ዳዶውን በእጅ አጥብቃችሁ በመፍቻ ሩብ ዙር ጨምሩ፤ ጉሚኒ ባለበት በኩል ቴፍሎን አያስፈልግም። የገጠማችሁበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ ለጥፉበት። በየጥቂት ወሩ ዳዶው ዙሪያ ደረቅ ሶፍት አዙሩበት፤ ዓይን የማያየውን እርጥበት ሶፍቱ ያሳያል።

ገበያ ከመውጣታችሁ በፊት ግን ፍሌክሲብሏ የተያያዘችበትን ቫልቭ ዝጉና የሲንኩን ውሃ ክፈቱ። ውሃው መውረዱን ካላቆመ፣ መጀመሪያ የምትገዙት ቫልቭ ነው።