ከሕግ ዲግሪ ጋር የትኛው ይሻላል? ኤምቢኤ፣ ኅብረተሰብ ጤና ወይስ ፒኤችዲ

በአሜሪካ የሕግ ዲግሪው፣ ማለትም ጄዲ፣ 3 ዓመት ይፈጃል። ኤምቢኤ፣ ማለትም የቢዝነስ አስተዳደር ማስተርስ፣ ደግሞ 2። ለየብቻ ቢማሯቸው 5 ዓመት ነው፤ በጥምር ፕሮግራም ግን አብዛኛውን ጊዜ በ4 ያልቃል። አንዱ ዓመት የት ገባ? እንደ ፋይናንስ ያሉ የቢዝነስ ኮርሶች ለሕጉም ስለሚቆጠሩ ነው። ለጄዲ ቢያንስ 83 ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ከዚህ ውስጥ ስንቱን ከሌላው ዲግሪ እንደሚቀበሉ ግን ትምህርት ቤቶች ይለያያሉ። ቁጥሩን ከመመዝገብ በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ።

ብዙ ሰው የሚያየው ኤምቢኤን ነው። ኖርዝዌስተርን፣ ፔንሲልቬንያና ዬል ዩኒቨርሲቲዎች በ3 ዓመት የሚያልቅ ጥምር ፕሮግራም አላቸው። ያጓጓል፤ የአንድ ዓመት ክፍያ ይቀራል፣ ደመወዝም አንድ ዓመት ቀድሞ ይጀምራል። ጉዳቱ ሰመር ላይ ነው፤ ተማሪዎች ሥራ የሚሞክሩበት የዓመቱ ረጅም ዕረፍት ማለት ነው። የ4ቱ ዓመት 3 ሰመር አለው፦ አንዱን ሕግ ቢሮ፣ አንዱን ባንክ ይሞክሩበታል፣ ሦስተኛውን ልብዎ ወዳደላበት። በ3ቱ ዓመት ያሉት 2 ብቻ ናቸው፤ እሱም ቢሆን አንዱን ትምህርት ሊወስደው ይችላል። ምን መሥራት እንደሚፈልጉ ገና ካልለየልዎት፣ እኔ 4ቱን እመርጣለሁ።

ጥቅሙስ? አንድ ኩባንያ ሲሸጥ ውሉ ላይ «መጋዘን ያለው ዕቃ ከዚህ ዋጋ በታች ከሆነ ክፍያው ይቀንሳል» ይባላል እንበል። ጠበቃው አንቀጹን አሳምሮ ይጽፋል። ሒሳብ የሚያውቀው ጠበቃ ግን «ከዕቃው ውስጥ ገዢ ያጣው ስንቱ ነው? በስንት ተቆጠረ?» ብሎ ይጠይቃል። ክርክሩ ያለው እዚያ ነው። ደመወዝ ላይ ግን ብዙ አይጠብቁ። ትልልቅ የሕግ ቢሮዎች ለጀማሪ በአብዛኛው የሚከፍሉት የተመረቀበትን ዓመት አይተው ነው፤ ሁለተኛውን ዲግሪ አይተው እጥፍ የሚያደርግልዎት የለም።

የኅብረተሰብ ጤና ማስተርስም ከሕግ ጋር 4 ዓመት ገደማ ነው። ሆስፒታል፣ ኢንሹራንስ ወይም የመድኃኒት ቁጥጥር ውስጥ መሥራት ለሚፈልግ ይሆናል። ጤና ውስጥ ቀድሞ የሠራ ሰው ከሆነ ዓይኔን ሳላሽ እመክረዋለሁ። «ለማንኛውም ይጠቅመኛል» ለሚል ግን አይሆንም።

ፒኤችዲ ሌላ ዓለም ነው። ሁለቱ ተደምረው 6 ዓመትና ከዚያም በላይ ይወስዳሉ። የሕግ መምህር መሆን ለሚፈልግ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። የፒኤችዲው ክፍል ብዙ ጊዜ ክፍያ አይጠየቅበትም፣ የኪስ ገንዘብም አለው። ኤምቢኤ ኪስ ይበላል፤ ይሄኛው ዕድሜ።

የጥብቅና ፈቃድ ፈተና ለመቀመጥ ከሦስቱ አንዱም ዲግሪ አያስፈልግም። ለዚያ ጄዲው ብቻውን ይበቃል። ስለዚህ የሚያመነቱ ከሆነ ሕጉን ብቻ ይጀምሩ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ እያሉ ለሁለተኛው ዲግሪ እንዲያመለክቱ ይፈቅዳሉ። ጂአርኢ የሚባለውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና የሚቀበሉ የሕግና የቢዝነስ ትምህርት ቤቶችም ስላሉ፣ አንድ ፈተና ለሁለቱም ሊያገለግልዎት ይችላል።