ቡሎን ሳይፈቱ «የፍሬን ሸራ ቀየርን» የሚሉ አሉ፤ ጎንደር ያላችሁ ተጠንቀቁ

ገና ከእጄ ግሪሱ አልለቀቀም፣ ንዴቱም አልበረደልኝም። የጋራዡን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ታውቁታላችሁ። በር ላይ «ግባ ግባ» የሚል ልጅ፣ ጎማ ሳያስፈታ ድምፅ ሰምቶ ብቻ «ሸራ አልቋል» የሚል ሰውዬ፣ ከዚያ «እስኪያልቅ ቡና ጠጡ»።

መኪናዋ ቪትዝ ናት፣ የኋላ ፍሬኗ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ ብረት፤ ሸራው ከውስጥ እየተጫነ ያስቆመዋል)። የእጅ ፍሬኑ 11 ጥርስ (እጀታው ሲሳብ አንዴ «ጣ» ማለቱ አንድ ጥርስ ነው) ድረስ ይሳብ ነበር፤ ከግራ የኋላ ጎማ ደግሞ ሸርርር የሚል የመፋተግ ድምፅ ነበረ። ሸራ ከነእጅ ዋጋው 5,500 ብር አሉ። ከፈልኩ።

ከቡናው ስመለስ ሰውየው አንድ ያለቀ ሸራ በጣቱ አንጠልጥሎ ጠበቀኝ። «ይኸው፣ ብረት ለብረት ነበር የሚፋጨው።» ሸራዋ አንድ ጫፏ ተሰብሯል፣ የሪቬቶቿ ራስ ፈጦ ወጥቷል። የዚች መኪና ሸራ እኮ በማጣበቂያ የተለጠፈ ነው፣ ሪቬት (የብረት ምስማር) የለውም! ዓይኔ ሪቬቱ ላይ አረፈ፣ አፌ ግን ዝም አለ። የጎማው ዳዶዎችም የትናንት አቧራቸውን እንደለበሱ ናቸው፤ ቁልፍ የገባበት ዳዶ ጠርዙ መፋቁ አይቀርም። ይህንንም አየሁ። ሰውየው እጀታውን ሳበ፦ ጣ፣ ጣ፣ ጣ፣ በ3 ቀጥ። «እንደ አዲስ!» አለኝ። ጅሉ አመስግኜ ወጣሁ።

በ3 ጥርስ መያዙ ራሱ ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። እንዲህ ያሉ ትንንሽ መኪኖች ጤነኛ ሲሆኑ ከ5 እስከ 8 ጥርስ ባለው ውስጥ ይይዛሉ። የሠሩት እጀታው ሥር ያለችውን የእጅ ፍሬኑን ገመድ ዳዶ በ10 ቁልፍ ማጥበቅ ብቻ ነው፤ የሁለት ደቂቃ ሥራ። ገመዱ ያለ ልክ ሲወጠር ሸራው ላይ ያለችው ማንሻ ወደ ማረፊያዋ አትመለስም። እሷ ካልተመለሰች ደግሞ የሸራውንና የታምቡሩን ክፍተት በራሱ የሚያስተካክለው ጥርስ ሥራውን ያቆማል፣ ሸራውም እጀታው ወርዶ እንኳ ታምቡሩን ይልሳል። ከፒያሳ ተነስቼ አዘዞ ሳልደርስ የተቃጠለ ሸራ ሸተተኝ።

ታምቡሩን ራሴ ፈታሁት። ያው የድሮው ሸራ! ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ያህል፣ ገና ብዙ የሚሠራ፤ አሁን ግን ፊቱ በሙቀት እንደ መስታወት አብለጭልጯል። ያ ሸርርር የሚለው ድምፅም እዚያው አለ። ምንጩ የታምቡሩ የጀርባ ሳህን (ከኋላው ያለው የብረት መሸፈኛ) ነበር፤ ጠርዙ ተጣሞ ታምቡሩን ይነካል፣ የነካበት ቦታ ነጭ መስመር ሠርቷል። በፒንሳ ሳብ ሳብ ሲደረግ ዝም አለ። ዋጋው ዜሮ ብር!

ተመልሼ ስሄድ ሰውየው «ጋሼ፣ ፍሬኑን ሳይለቁ ነድተው ነው» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። ልጁ ሳቀ።

ትክክለኛው ሥራ ከጎማው ይጀምራል እንጂ ከእጀታው አይደለም። ሜዳ ላይ ቁሙ፣ የፊት ጎማዎችን በድንጋይ ደግፉ፣ እጀታውን አውርዱ፣ የገመዱን ዳዶ እስኪላላ ፍቱ። መኪናዋን በክሪክ ካነሳችሁ በኋላ ማቆሚያ ሳታስገቡ ሥሯ አትግቡ። ታምቡሩ እምቢ ካለ በመዶሻ አትደብድቡት፤ ፊቱ ላይ ባሉት ሁለት ባለጥርስ ቀዳዳዎች 8 ሚሊ ቡሎን እያፈራረቃችሁ ስታጠብቁ ራሱ ይወጣል። አቧራውን በአፍም በአየርም አትንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ማስተካከያውን ጥርስ ታምቡሩ ሲገባ ሸራውን ለስለስ አድርጎ እስኪነካ አዙሩ፤ ጎማው በእጅ ሲዞር መያዝ የለበትም። ሁለቱንም ጎን እኩል። ከዚያ የፍሬን ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፣ በመጨረሻ ብቻ ገመዱን አጥብቁ። እጀታው ወርዶ ሁለቱም ጎማ በነፃ ካልዞረ ዳዶውን መልሱ።

ድምፁን ለመለየት ደግሞ፦ ሳያቋርጥ ሸርርር የሚል ቀጭን ድምፅ ብዙ ጊዜ የሳህን መጣመም ወይም የገባ ጠጠር ነው፤ ኮብልስቶን ላይ ለምንነዳው አዲስ ነገር አይደለም። በየዙሩ አንዴ ሸር የሚል ከሆነ የታምቡሩን ክብነት ጠርጥሩ። ጥምዝ ላይ ወደ አንድ ጎን ሲታጠፍ የሚጎላ ጉርምርምታ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ቀለበት) ነው። ፍሬን ሲረገጥ የሚለወጥ ከሆነ ሸራው ጋ ሂዱ።

ቁስቋም ዳገት ላይ መኪና የሚያቆም ሰው በዚህ አይቀልድም። ስለዚህ ከመግባታችሁ በፊት ዳዶዎቹ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፣ ከጎማው አትራቁ፣ አሮጌውን ዕቃ ተቀበሉ። ሪቬት ያላት፣ አንድ ጫፏ የተሰበረ ሸራ አንጠልጥሎ የሚያሳያችሁ ካለ ያችው ናት።