45 ሺህ ብር ይዤ ደሴ ላይ ጌሚንግ ፒሲ ስፈልግ፦ የተገጣጠመ፣ ራስ የሚገጥሙት ወይስ የቢሮ ዴል?

ስድስት ወር ስለተጠቀምኩበት አሁን አፌን ሞልቼ መናገር እችላለሁ። የገዛሁት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ነው፣ ትልቁ ታወር፣ ስላይትሊ ዩዝድ የሚሉት፣ ጎኑ ላይ የሆነ የውጭ መስሪያ ቤት ስቲከር ተልጦ ሙጫው ብቻ የቀረበት። ውስጡ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የሚባል ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራው) ከትቼበት በሱ ነው የምጫወተው። ጓደኞቼ መጀመሪያ ሲያዩት "ይሄማ የቀበሌ ኮምፒውተር ነው" ብለው ሳቁብኝ፣ እውነታቸውን ነው ቁጭ ያንን ነው የሚመስለው፣ ግን ጂቲኤ 5ን በ1080 ሃይ ላይ አድርጌ ስከፍትላቸው ወንበር መሻማት ጀመሩ።

እጄ ላይ የነበረው 45 ሺህ ብር ነው። ሞኒተርና ኪቦርድ ከድሮ ስለነበረኝ ለሱ አላወጣሁም። እናቴ "በዚህ ብር በግ ገዝተህ ብታደልብ ይሻልህ ነበር" አለች፣ መልስ አልነበረኝም ዝም አልኩ። ሐምሌ 2016 ላይ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ይሄ ሁሉ እቃ በዶላር ስለሚገባ ቴሌግራም ላይ ዛሬ ያየኸው ዋጋ ለነገ አያድርም፣ ስታወጣ ስታወርድ ከቆየህ ብርህ ቁጭ ብሎ ይሟሟል።

መጀመሪያ የገባሁት እዚሁ ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንድ ሱቅ ነው፣ ስሙን አልጠራም። በሩ ላይ የተቀመጠው ፒሲ ኬዙ መስታወት፣ ፋኖቹ ቀይ ሰማያዊ አረንጓዴ እየተቀያየሩ የሚበሩ፣ በቃ የሠርግ ድንኳን በለው። 62 ሺህ አለኝ፣ ስንከራከር 55 ደረሰ። ግራፊክሱ ስንት ነው ስለው "ባለ 4 ጊጋ ነው ወንድሜ፣ አብሽር ምንም ጌም አያቅተውም" አለኝ። ምን ባለ 4 ጊጋ ስለው ግን "ኤንቪዲያ ነው" ከማለት አላለፈም። ክፈትልኝ አልኩት፣ ልጁ ጨዋ ነው ሳይኮሳተር ካቻቢቴ አምጥቶ ከፈተልኝ፣ ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ውስጡ ጂቲ 730 የሚባል ደካማ ካርድ ነበር።

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። "4 ጊጋ" የሜሞሪ መጠን ነው እንጂ የካርዱ ጉልበት አይደለም። ጂቲ 730 በፈረንጆቹ 2014 የወጣ ካርድ ነው፣ ባለ 4 ጊጋው ሜሞሪው ዲዲአር3 የሚሉት ዘገምተኛው ስለሆነ በሰከንድ የሚያስተላልፈው 30 ጊጋ ባይት አይሞላም። 1050 ቲአይም 4 ጊጋ ነው፣ የሱ ግን ፈጣኑ ጂዲዲአር5 ሆኖ 112 ጊጋ ባይት ነው፣ ስሌቱን የሚሠሩት ኮሮቹም 768 ናቸው ያኛው ቢበዛ 384። ሁለቱም ላይ "4 ጊጋ" ተብሎ ይለጠፋል። ሁለት ቤት አስቡ፣ ሁለቱም እኩል ትልቅ ሮቶ አላቸው፣ ግን አንደኛው ቤት ቧንቧው ጠብ ጠብ ነው የሚለው፣ ሮቶው ምን ይጠቅመዋል። ሌላው ደግሞ ራሙ አንድ ፍሬ ባለ 8 ብቻ፣ ፓወር ሰፕላዩ 500 ዋት የሚል ስቲከር እንጂ የማን እንደሆነ የማይታወቅ። የብሩ ግማሽ መስታወቱና መብራቱ ላይ ነው ያለው ማለት ነው። ልጁን አልወቅሰውም እሱም አዲስ አበባ እንዲህ ተብሎ ነው የገዛው መሰለኝ፣ የአንድ ወር ቅያሪ እሰጣለሁም ብሎኛል፣ ይሄን ቆይቼ ነው ዋጋውን ያወቅኩት።

ራስህ ግጠመው የሚሉትን ደግሞ ከአክስቴ ልጅ አየሁ። እሱ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው የሚማረው፣ ከኔ ብዙ ብር ነበረው፣ 70 ሺህ ገደማ። ዩቲዩብ ሲያይ ከርሞ ራይዘን 5 5600ጂ የሚባል ፕሮሰሰር መረጠ፣ ምርጫው ደግሞ ጥሩ ነው፣ ግራፊክሱ እዛው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ስላለ ለጊዜው ካርድ አይፈልግም ብር ሲገኝ ይጨመርለታል። ራሙንም ባለ 8 ጊጋ ሁለት ፍሬ ነው የገዛው፣ እነዚህ ውስጣቸው ግራፊክስ ያለባቸው ፕሮሰሰሮች የሚበሉት ከራሙ ስለሆነ አንድ ፍሬ ብቻ ከተሰካ መንገዱ በግማሽ ይጠባል፣ ጌም ላይ በደንብ ያስታውቃል። ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም የሚሰካበት ቦርድ ማለት ነው፣ ቢ450 ነው፣ ሁሉንም በቴሌግራም ከአዲስ አበባ አዞ በመኪና አስላከው። እኔም ቅዳሜ ሃይሩፍ ይዤ ወረድኩ አብረን ገጠምነው፣ ፋኑ ዞረ፣ መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ጭልም።

ራም ነቅለን ሰካን። ገመድ ቀየርን። ጎረቤት ሞኒተር ለመንን። ምንም። በኋላ ነው የገባን፣ ቢ450 በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ቦርድ ነው፣ 5600ጂ በ2021፣ ቦርዱ ላይ ያለው ባዮስ (ፒሲው ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) አሮጌ ከሆነ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም። ባዮሱን ለማደስ ደግሞ የሚያውቀውን አሮጌ ራይዘን ሰክተህ መሆን አለበት፣ አንዳንድ ቦርድ ያለ ፕሮሰሰር በፍላሽ ይታደሳል የሱ ግን አልነበረውም። አዲስ አበባ ቢሆን አንዱ ሱቅ ገብተህ በአስር ደቂቃ ያልቃል፣ ኮምቦልቻ ላይ አሮጌ ራይዘን ትርፍ ያለው ሰው ፈልጎ ማግኘት ግን አበሳ ነው። ቦርዱ ተመልሶ ወደ 400 ኪሎ ሜትር ሄደ፣ ሻጩ መጀመሪያ ስልክ አላነሳም፣ ከዛ "እኔ የሸጥኩልህ ደህና ነው" አለ፣ በመጨረሻ አደሰለትና ላከው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ፒሲው አልጋ ስር ተኛ። አሁን ጥሩ እየሠራ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ከኔ በጣም ይበልጣል፣ ወደፊትም የሚያድግ እሱ ነው። ግን የኔ ብር አይደርስበትም፣ ቢደርስም ያንን ሦስት ሳምንት አልችለውም።

ስለዚህ ወደ ዴሉ መጣሁ። አራዳ አንድ ያገለገለ የሚሸጥ ሰው ጋ በ22 ሺህ፣ ኮር አይ5 3470፣ 8 ጊጋ ራም፣ 500 ሃርድ ዲስክ። አይ5 3470 በፈረንጆቹ የ2012 ፕሮሰሰር ነው አሮጌ ነው፣ ግን ጂቲኤ 5 ለፒሲ ሲወጣ በደንብ እንዲሠራ የሚመከረው ብለው የጻፉት ራሱ እሱን ነው፣ ይሄን ሳነብ ነው ልቤ የወሰነው። ስትገዙ ግን ተጠንቀቁ፣ 7010 የሚለው ስም ላይ ብቻ አትሂዱ፣ ዴል በፈረንጆቹ 2023 ደግሞ ያንኑ ስም ለአዲስ ኮምፒውተር ሰጥቶታል፣ የድሮውም ቢሆን ትልቅና ትንሽ ኬዝ አለው። ትንሿ ኬዝ አጭሯን ካርድ ካልሆነ አታስገባም እሷ ደግሞ አትገኝም፣ ታወሩን ያዙ።

ካርዱ ላይ ነው ትልቁ ጥንቃቄ። የታወሩ ፓወር ሰፕላይ 275 ዋት ነው፣ ለግራፊክስ የሚሆን ትርፍ ገመድ የለውም። ካርዱ የሚሰካበት ስሎት ራሱ የሚሰጠው 75 ዋት ነው፣ 1050 ቲአይ እዛው ውስጥ ይኖራል፣ ግን አንዳንዱ 1050 ቲአይ ተጨማሪ ባለ 6 ቀዳዳ ገመድ ይፈልጋል ስለዚህ ጫፉን አይታችሁ ግዙ። አርኤክስ 580 የሚባለውን ካርድ በርካሽ አገኘሁ ብላችሁ እንዳትገዙ፣ 185 ዋት ነው የሚበላው፣ ይሄ ፓወር ሰፕላይ ጋ አይተዋወቁም። እኔ ካርዱን በ16 ሺህ ነው የገዛሁት፣ የካርዱን ማንነት የምታሳየዋን ጂፒዩ-ዚ የምትባል ፕሮግራም በፍላሽ ይዤ ሄጄ እዛው ሻጩ ፊት ከፈትኩት። የድሮ ካርድ ባዮሱ ተቀይሮ 1050 ቲአይ ነኝ የሚል በየቦታው አለ፣ ፕሮግራሟ ካወቀችው ከስሙ ፊት ፌክ ብላ ትጽፍበታለች። ሻጩ ትንሽ ከፋው፣ ቡና ጋብዤ አስታረቅኩት።

የቀረው ብር ለባለ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥነው) እና ለሁለት ራም ሄደ። ኤስኤስዲውን ሳላስገባ ዊንዶው እስኪነሳ ቡና ተፈልቶ ይደርስ ነበር። ከጌሙ ጂቲኤ 5 በሰከንድ ከ50 እስከ 60 ፍሬም፣ ፔስ 2021 60 ላይ ቀጥ፣ ካውንተር ስትራይክ ምንም አይልም ጭስ ሲበዛ ብቻ ይንተባተባል። አዲስ አዲሱን ጌም ግን ረሱት፣ ፕሮሰሰሩ አራት ኮር ነው ይታነቃል። ዊንዶውስ 11ም በይፋ አይቀበለውም፣ የ10 ድጋፍ ደግሞ በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 2018 ላይ ስላለቀ እኔ ባንክ ነክ ነገር በሱ አልከፍትም። ሙቀት አያስቸግረኝም፣ ደሴ ብርዱ ራሱ ፋን ነው። ኮምቦልቻ ከኛ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፣ የአክስቴ ልጅ ከሰዓት ላይ የኬዙን ጎን ከፍቶ ነው የሚጫወተው።

መብራቱስ ካላችሁኝ፣ ሦስቱም አማራጭ ላይ ያው ነው። ዲቫይደር ብቻ አትመኑ፣ እኔ ሁለት ጊዜ ሴቭ ሳላደርግ ጠፍቶብኝ አንዴ ዊንዶው እንደገና ጭኛለሁ፣ ከመብራቱ መጥፋት ተመልሶ ሲመጣ ያለው ግፊት ነው የሚያስፈራኝ ስለዚህ ሲጠፋ ሶኬቱን እነቅላለሁ። ከ45ቱ ላይ ቢያንስ ለስታቢላይዘር አስቀሩ፣ እኔ አላስቀረሁም።

አንድ ጊዜ ፋኑ መንጫጫት ጀምሮ አራዳው ሰውዬ ጋ በባጃጅ ይዤው ሄድኩ፣ ጠርጎ ቀብቶ በ15 ደቂቃ መለሰልኝ ብርም አልተቀበለኝም። የዛ የፒያሳው ልጅ ቅያሪ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው፣ 60 እና ከዛ በላይ ያለው ሰው እሱ ጋ ሄዶ ኬዙን በተራ አስቀይሮ ግራፊክሱን በደህና እንዲገጥምለት ቢደራደር አይከፋም፣ ሊሠራው ይችላል፣ ቅርብ ነው።

ከዴሉ ያወጣሁት ባለ 500 ሃርድ ዲስክና ሁለት ባለ 2 ጊጋ ዲዲአር3 ራም ቤት ተቀምጧል፣ ጤነኛ ናቸው፣ አሮጌ ስታቢላይዘር ያለው ሰው ካለ እንቀያየር።