ለድሬዳዋ ሙቀት የቱ የፔጆ 404 ባትሪ? ድፍኑ ወይስ ክዳኑ የሚከፈተው

ድሬዳዋ ላይ ለፔጆ 404 ባትሪ ሲጠየቅ አብዛኛው ሻጭ ቀድሞ የሚያወጣው ድፍኑን፣ «ውሃ አይፈልግም» የሚባለውን ነው። ለአዲስ መኪና ጥሩ ዕቃ ነው። ለ404 ግን ስድስት ክዳን ያለውን፣ 12 ቮልት 60 አምፔር-ሰዓት የውሃ ባትሪ እንመርጣለን።

ምክንያቱ ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ዲናሞና (ቻርጅ አመንጪው) የድሮ ሬጉሌተር (የቮልት መቆጣጠሪያው) ያለበት 404 ቻርጁ እኩል አይደለም። ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ እየሠራ ሲቆም ዲናሞው ምንም አይሰጥም ማለት ይቻላል። የደንገጎን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ሲያያዘው ደግሞ፣ የሬጉሌተሩ የመገናኛ ነጥብ ከተጣበቀ ከ15 ቮልት በላይ ይለቃል። ያኔ ውሃው ፈልቶ በመተንፈሻው ይወጣል። ድፍኑ ያጣውን ውሃ የሚተካበት መንገድ የለውም፤ ክዳን ያለው ግን በየሁለት ሳምንቱ ተከፍቶ ይሞላል። በእጅ ባትሪ መብራት ወደ ውስጥ ሲታይ ፕሌቶቹ (የእርሳስ ሳህኖቹ) ላይ አንድ ሴንቲ ያህል ውሃ መኖር አለበት። ጫፉ ደርቆ የነጣ ፕሌት ካለ ያ ክፍል ተጎድቷል፤ ውሃ ቢሞሉትም ሙሉ አቅሙ አይመለስም።

የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ ነው። አሲድ በፍጹም አይጨመርም፤ የተነነው ውሃው ነው፣ አሲዱ እዚያው አለ። የቧንቧ ውሃም አይሆንም። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት ያየ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል።

የዚህ ባትሪ ድክመት ክትትል መፈለጉ ነው። አቧራ የክዳኖቹን ቀዳዳ ይደፍናል፣ የአሲዱ እንፋሎትም ተርሚናሉን ይበላል። ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ሲታይ፣ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ከዚያ ፖዘቲቩን ይፍቱ፤ ክዳኖቹ እንደተዘጉ በሞቀ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ አጥበው ያድርቁ። ሲመልሱ ፖዘቲቩ ይቀድማል። በመጨረሻ ግሪስ ይቀቡት።

ብዙ ደህና ባትሪ ያለጥፋቱ ይቀየራል። ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ከደከመ መጀመሪያ ማሳውን፣ ማለትም ኔጋቲቩ ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኝበትን ገመድ ይፈትሹ። የቴስተሩን (የቮልት መለኪያውን) አንድ ጫፍ ባትሪው ኔጋቲቭ ላይ፣ ሌላውን ቀለም የሌለበት የሞተር ብረት ላይ አድርገው ያስነሱ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካነበበ የማሳውን ብሎን ይፍቱ፤ ሥሩ ዝገት ወይም ቀለም አይጠፋም። እስከ ነጩ ብረት ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉት።

ሲገዙ ሱቁ ውስጥ ያስለኩት። ሙሉ ቻርጅ የሆነ ባትሪ 12.6 ቮልት ያሳያል፤ 12.3 ከሆነ መደርደሪያ ላይ ብዙ ቆይቷልና ይተዉት። ከተገጠመ በኋላ ሞተሩን ከሚኒሞ ከፍ አድርገው ሲለኩ ከ13.8 እስከ 14.4 መሆን አለበት። ከዚያ ካለፈ ሬጉሌተሩ ሳይስተካከል አይንዱት፤ አዲሱም ባትሪ በጥቂት ወራት ያልቃል።

ሐረር ጀጎል ውስጥ ለሚመላለስ መኪና ደግሞ የባትሪው ማሰሪያ ብረት ይጥበቅ። ድንጋይ በተነጠፈበት መንገድ የላላ ባትሪ ሲነቃነቅ የፕሌቱ ልባስ ረግፎ ታች ይጠራቀማል፣ ውስጥ ለውስጥም ሾርት ያደርጋል።