ሲስተም ሲጠፋ ለደንበኛ በምን እንንገር? ኤስኤምኤስ፣ ስታተስፔጅ ወይስ አፕታይም ኩማ

«ሲስተም የለም» የሚለውን ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰልፍ ይዛችሁ፣ ተራችሁ ሲደርስ ትሰሙታላችሁ። ከመጥፋቱ በላይ የሚያበሽቀው ግን መቼ እንደሚመለስ የሚነግር ሰው አለመኖሩ ነው።

እኔ የትምህርት ቤት ክፍያ የሚከታተል ሶፍትዌር እሠራለሁ። እንደኔ ትንንሽ ሲስተም የሚሠሩ ጓደኞቼ ሁሌ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፦ «ሲስተሙ ሲዘገይ ወይም ሲቋረጥ ለደንበኛ የሚያሳውቅልኝ ምን ልግዛ?» ምርጫዬን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ አፕታይም ኩማ (ሲስተም እየሠራ መሆኑን በየጊዜው እያየ ሲቋረጥ የሚናገር ሶፍትዌር) ከቴሌግራም ጋር። ለምን እንደሆነ እንዲገባችሁ ግን ገንዘቤ ከተቃጠለበት ልጀምር።

ባለፈው ዓመት ከአንድ ሻጭ የአገልግሎት ሁኔታ ማሳያ ገጽ፣ ማለትም ሲስተሙ ይሥራ አይሥራ ለደንበኛ የሚያሳይ ድረ ገጽ፣ በ6,500 ብር ገዛሁ። «አንዴ ከፍለህ ለዘላለም ያንተ ነው» አለኝ። ሲያዩት ያምራል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ መብራት አለው። በሁለተኛው ወር የመክፈቻ ቁልፍ ጠየቀኝ። ለካ ክራክ የተደረገ፣ ያለ ፈቃድ ቁልፉ የተሰበረ ኮፒ ነው! ሻጩ ስልኩን ዘጋ። ለሚያስተካክልልኝ ልጅ 2,000 ብር ጨመርኩ።

ከዚያ የምዝገባው ሳምንት መጣ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ በጠዋት ሰርቨሩ (ሲስተሙ የሚሠራበት ኮምፒውተር) ወደቀ። የትምህርት ቤቱ ሒሳብ ሠራተኛ ደወለችልኝ። «ወንድሜ፣ ወላጆች እየጠበቁ ነው። መቼ ልበላቸው?» ማሳያ ገጹን ልከፍት ስል እሱም አይከፈትም። ሻጩ የጫነልኝ ሲስተሙ ያለበት ሰርቨር ላይ ነበር፤ ሲስተሙ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። 8,500 ብር የከፈልኩት ለዚያች ሰዓት ነበር፤ በዚያች ሰዓት አልሠራም።

ይህ በትልልቆቹም ላይ ደርሷል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2017 የአማዞን ፋይል ማከማቻ፣ ኤስ3፣ ሲቋረጥ ኩባንያው የሁኔታ ማሳያ ገጹን ማደስ አቃተው። የገጹ መቆጣጠሪያ ራሱ የሚሠራው በኤስ3 ነበር። ለደንበኞቹ በትዊተር ለመናገር ተገደደ። ስለዚህ ማንም ሻጭ ሲመጣባችሁ የመጀመሪያው ጥያቄ «የሚቀመጠው የት ነው?» ይሁን። መልሱ «እዚያው ሰርቨራችሁ ላይ» ከሆነ አትግዙ።

ስታተስፔጅ አትላሲያን የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በኪራይ የሚያቀርበው የሁኔታ ማሳያ ገጽ ነው። ጥራቱ ላይ የሚወጣለት እንከን የለም። ችግሩ ዋጋው ነው። ነፃው ማሳወቂያ የሚደርሰው 100 ተመዝጋቢ ብቻ ይይዛል። 29 ዶላሩ 250፣ 99 ዶላሩ 1,000 ሰው ይይዛል፤ ይህ ሁሉ በወር ነው። የትምህርት ቤቱ ወላጆች 800 ስለሆኑ የሚበቃኝ ባለ 99ኙ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ሳለ፣ ይህ 5,600 ብር ገደማ ነበር። ዶላሩን በ150 ብናስብ 14,850 ብር ይሆናል፤ በወር! በዚያ ላይ ማሳወቂያው በዋናነት ኢሜይል ነው። ከወላጆቹ ውስጥ ኢሜይል በየቀኑ የሚከፍት ስንት ሰው አለ? ደንበኞቻችሁ ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች ከሆኑ ግን ውሰዱት፤ እነሱ የለመዱት እሱን ነው።

ኤስኤምኤስ ሁሉም ጋ ይደርሳል፤ ዳታ አይፈልግም። ሻጮቹ የማይነግሯችሁ አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ኤስኤምኤስ 160 ምልክት ይይዛል፤ በአማርኛ ግን 70 ብቻ ነው። ካለፈ ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱ ቁራጭ 67 ይሆንና ለየብቻው ይታሰባል። «ክቡር ደንበኛችን፣ በተፈጠረው የቴክኒክ ችግር...» ብላችሁ ከጀመራችሁ ሦስት ቁራጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። አንዱ 50 ሳንቲም ቢሆን ለ800 ሰው 1,200 ብር ነው። «ተመልሷል» ለማለት ሌላ 1,200። እኔ አሁን የምልከው ይህን ነው፦ «ሲስተሙ ከጠዋቱ 4:10 ጀምሮ እየዘገየ ነው። እያስተካከልን ነው። 5:00 ላይ ደግመን እናሳውቃለን።» ክፍት ቦታው ተቆጥሮ 63 ነው፤ በአንድ ኤስኤምኤስ ያልቃል።

አፕታይም ኩማ ነፃ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። ክራክ የተደረገ ኮፒ የምትገዙበት ምክንያት የለም። «ጭኜ እሰጣለሁ» የሚል ሻጭ ከመጣ የሚሸጥላችሁ ጉልበቱን ብቻ መሆኑን እወቁ። እኔ ከዋናው ሰርቨር የተለየ፣ በወር 5 ዩሮ የማይሞላ ትንሽ ሰርቨር ላይ ጫንኩት። ዩሮውን በ170 ብናስብ 850 ብር አይሞላም። ጀርመን ያለች የአክስቴ ልጅ በካርዷ ትከፍልልኛለች። ኩማ ሲስተሙን በየደቂቃው ያያል፤ ከፈለጋችሁ በየ20 ሴኮንዱም ያያል። የቴሌግራም ቦት (መልእክት በራሱ የሚልክ አካውንት) በነፃ ስለሚከፈት ማሳወቂያው ምንም አያስወጣም። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራው አፕታይም ሮቦትም 50 ነገር በነፃ ይከታተላል፤ ግን ነፃው የሚያየው በየአምስት ደቂቃው ነው፣ ለንግድ ሥራም አይፈቀድም።

እንደጫናችሁ መንካት ያለባችሁ አንድ ቁጥር አለ። በየ60 ሴኮንዱ እንዲያይ ሲደረግ፣ መልስ የሚጠብቀው እስከ 48 ሴኮንድ ነው። ገጹ በ30 ሴኮንድ ቢከፈት ለእሱ ደህና ነው፤ አረንጓዴ ያበራል። ወላጅ ግን 30 ሴኮንድ አይጠብቅም፤ አሥር ጊዜ ይጫንና የባሰ ያጨናንቀዋል። እኔ ወደ 8 ሴኮንድ አወረድኩት። ከዚያ ወዲህ ሲስተሙ ከመውደቁ በፊት መዘግየቱን ማወቅ ጀመርኩ። አንዴ ብልጭ ባለ ቁጥር እንዳይጮህ ደግሞ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ነው የሚናገረው።

ቦቱን በቀጥታ ከወላጆች የቴሌግራም ቻናል ጋር እንዳታገናኙት። «ስህተት 503» የሚል ነገር ሲመጣ ብራቸው የጠፋ የሚመስላቸው አሉ። የእኔ ቦት ለእኔና ለሒሳብ ሠራተኛዋ ብቻ ይናገራል። ለወላጅ የሚሄደውን በቻናሉ ላይ የምንጽፈው እኛ ነን።

ቴሌግራም ብቻውን ግን አይበቃም። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ያለ ቪፒኤን አልከፍት ብሎ እንደነበር አንረሳውም። ስለዚህ 15 ሰው የያዘ የኤስኤምኤስ ዝርዝር አስቀምጫለሁ፤ ርዕሰ መምህራን፣ ገንዘብ ያዦች፣ የወላጅ ኮሚቴ። ለ15 ሰው አንድ መልእክት 7 ብር ከ50 ነው።

ሰዓቱን ስትጽፉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ኩማ 10:10 ብሎ የሚልከው በፈረንጅ ሰዓት ነው። መጀመሪያ ላይ እንዳለ ገልብጬ ለጥፌው አንድ አባት ደወሉልኝ። «ልጄ፣ አሁን ገና 5 ሰዓት ነው፤ 10 ሰዓት ድረስ አይሠራም ማለት ነው?» አሉኝ። 10 ሰዓት ላይ ተመልሰው ሊከፍሉ ከትምህርት ቤቱ ወጥተው ነበር። አሁን «ከጠዋቱ» እና «ከሰዓት» ሳልል ምንም አልልክም።